ጆርጂያ በአንድ ሌሊት አልተገለበጠችም

ስለ አሜሪካ ምርጫ በአማርኛ ከተጻፉት መካከል አንዱ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የሚያወራው አትላንታ ስላለችበት የጆርጂያ ግዛት ነው። ለሪፐብሊካን ፓርቲ ታማኝ የነበረችው ግዛት በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንዴት ብላ ለዴሞክራቱ ለጆ ባይደን ድምፅ ሰጠች? ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አጻጻፉም ይጥማል። መልሱ ግን ውሃ አይቋጥርም።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጆርጂያ ከጥንት ጀምሮ የሪፐብሊካን ነበረች፤ በ2020 በድንገት ተገለበጠች። የገለበጣት የአትላንታ ጥቁር መራጭ ነው። ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ብቻ ስለነበር፣ በአትላንታ ዙሪያ ያለው ሐበሻ ደግሞ በቁጥር ከዚህ ስለሚበልጥ፣ ትራምፕ ስለ ሕዳሴው ግድብ በተናገሩት የተቆጣው ወገናችን ውጤቱን ወስኗል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ሆኖም በቆጠራው የሚመራው ዕጩ ሌሊት ላይ መቀየሩ ጥርጣሬ ያጭራል። በመጨረሻም በ2024 ግዛቲቱ ወደ ትራምፕ መመለሷ የ2020ው ነገር አጋጣሚ እንደነበር ያሳያል።

ነጥቦቹ ገና ከመነሻው እርስ በርስ ይጣላሉ። ቆጠራው የሚያጠራጥር ከሆነ ሐበሻው ወሰነ ማለት አይቻልም። ሐበሻው ወስኖ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው እውነተኛ ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ ሊጎርሱ ፈልገዋል። ለማንኛውም ተራ በተራ እንያቸው።

መጀመሪያ «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው። ጆርጂያ ከ1872 እስከ 1960 በተደረጉት ፕሬዝዳንታዊ ምርጫዎች አንዱንም ሳታጓድል የመረጠችው ዴሞክራት ነው። በ1960 ለኬኔዲ ከ62 በመቶ በላይ ሰጥታለች። ለሪፐብሊካን ዕጩ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠችው በ1964 ሲሆን ዕጩው ባሪ ጎልድዋተር ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ አያመራምርም፤ በዚያው ዓመት ዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን በዘር ማግለልን የከለከለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ፈረሙ፣ ጎልድዋተር ደግሞ በሴኔት ተቃወሙት። ከዚያ በ1968 የዘር መለያየትን ይደግፉ ለነበሩት ለጆርጅ ዋላስ፣ በ1972 ለኒክሰን፣ በ1976 እና በ1980 ለገዛ ልጇ ለጂሚ ካርተር ሰጠች። በ1992 ቢል ክሊንተን በ13,714 ድምፅ አሸንፈዋታል፤ ያኔ የግል ዕጩው ሮስ ፔሮ 13 በመቶውን ወስደው ነበር። እንግዲህ ያልተቋረጠው ታማኝነት ከ1996 እስከ 2016 ያሉት ስድስት ምርጫዎች ናቸው። ስድስት ተከታታይ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። «ጥንት» ግን አይደለም።

«በድንገት» የሚለውም አይሆንም። የሪፐብሊካኖች ብልጫ በ2004 ከ16 ነጥብ (ማለትም በመቶኛ ሲቆጠር ከ16) በላይ ነበር። በ2008 ወደ 5.2 ወረደ፣ በ2012 ወደ 7.8 ከፍ አለ፣ በ2016 እንደገና 5.1 ሆነ። በ2018 የገዥነት ምርጫ ዴሞክራቷ ስቴሲ ኤብራምስ ወደ 4 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ የተሸነፉት በ55 ሺህ ገደማ ነው። ስንጥቁ በግድግዳው ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ይታይ ነበር፤ በ2020 ብቻ ቀና ብሎ ያየ ሰው ነው ድንገተኛ የሚለው።

ሁለተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። ያለ ጥቁር መራጮች በጆርጂያ አንድም ዴሞክራት አያሸንፍም፤ የፓርቲው መሠረት እነርሱ ናቸው። ይሁንና ጥያቄው መሠረቱ ማን ነው አይደለም። ከ2016 ወዲህ የተቀየረው ምንድን ነው የሚለው ነው። መሠረቱ በ2016ም ነበር፤ ያኔ ግን ሂላሪ ክሊንተን ተሸንፈዋል። ከጠቅላላው መራጭ የጥቁሮች ድርሻ በ2020 አላደገም፤ እንዲያውም ከ2016 ትንሽ ዝቅ ብሏል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ጆርጂያ መራጭ ስትመዘግብ ዘርን ስለምትጠይቅ ነው። ፓርቲ ግን አትጠይቅም። ስለዚህ ጸሐፊው «አዲስ የተመዘገቡ ዴሞክራቶች» ያሉት በግዛቲቱ መዝገብ ውስጥ እንዲህ የሚባል ዓምድ የለም።

ለውጡን ለማየት መቶኛውን ትቶ ጥሬ ድምፁን መያዝ ይበጃል። ትራምፕ በ2016 ያገኙት 2,089,104 ነው፤ በ2020 ደግሞ 2,461,854። ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም፤ 372,750 አዲስ ድምፅ አገኙ። ዴሞክራቶች ግን ከ1,877,963 ወደ 2,473,633 ዘለሉ፤ ጭማሪያቸው 595,670 ነው። የሁለቱ ጭማሪ ልዩነት 222,920 ይመጣል። የ2016ን የ211,141 ድምፅ ጉድለት ሞልቶ 11,779 ያተረፈው ይህ ነው። መታየት ያለበት እንግዲህ 222,920ው ከየት እንደመጣ ነው፤ 11,779 የሒሳቡ ጭራ ናት።

ከአትላንታ በሰሜን ምዕራብ ኮብ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) አለ፤ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ግዊኔት። የሪፐብሊካን ዕጩ የነበሩት ሚት ሮምኒ በ2012 ኮብን በ12 ነጥብ፣ ግዊኔትን በ9 ነጥብ ያህል አሸንፈው ነበር። በ2016 ሁለቱም በጠባብ ወደ ክሊንተን ዞሩ። በ2020 ባይደን ኮብን በ14፣ ግዊኔትን በ18 ነጥብ ወሰዱ። በጥሬ ድምፅ የዴሞክራቶች ብልጫ ኮብ ላይ ከ7 ሺህ ገደማ ወደ 56 ሺህ፣ ግዊኔት ላይ ከ19 ሺህ ወደ 75 ሺህ ገደማ አደገ። ሁለቱ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ አወጡ፤ ከ222,920ው ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ፉልተንና ዲካብ፣ ማለትም አትላንታ ራሷ ያለችባቸው ካውንቲዎች፣ በጋራ የጨመሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ጸሐፊው አትላንታን ማንሳታቸው ስሕተት አይደለም። ሰሜን ፉልተንም ቢሆን እንደ ኮብ የዳርቻ ሰፈር መሆኑን ግን ዘለውታል።

እነዚህ ሰፈሮች ምን ሆኑ? አንዱ የነዋሪው መለወጥ ነው። ግዊኔት በ1990 ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ነጭ የሆነበት ካውንቲ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ነጮች ወደ ሲሶ ወርደዋል። የቀረው ጥቁር፣ ላቲኖ፣ ኮሪያዊ፣ ሕንዳዊ፣ ሐበሻም ጭምር ነው። ሌላው የነባሩ ነዋሪ ሐሳብ መለወጥ ነው። ነጮች በሚበዙበትና ሪፐብሊካን ሁልጊዜ በሚያሸንፍበት በፎርሳይት ካውንቲ ሮምኒ 80 በመቶ ያህል አግኝተው ነበር፤ ትራምፕ በ2020 ያገኙት 66 በመቶ ገደማ ነው። ትራምፕ አሁንም በሰፊው አሸንፈዋል፤ በግዛት ደረጃ ሲቆጠር ግን እንዲህ ያለ ቦታ በ33 ነጥብ ማሸነፍና በ60 ማሸነፍ አንድ አይደለም። ካርታው ሁለቱንም በአንድ የሪፐብሊካን ቀይ ስለሚቀባ ዓይን አይለየውም።

ከዚህ ጋር አንድ ማስረጃ አለ፤ የሚገርመኝ ጸሐፊው አጠገቡ ደርሰው ማለፋቸው ነው። በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው ቀን፣ የሴኔት ምርጫም ነበር። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ፐርዱ 2,462,617 አገኙ፤ ከትራምፕ በ763 ይበልጣል። ዴሞክራቱ ጆን ኦሶፍ ያገኙት ግን 2,374,519 ነው፤ ከባይደን በ99 ሺህ ገደማ ያንሳል። ባይደንን መርጠው ኦሶፍን ያልመረጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። የግዛቲቱን ምርጫ የሚመሩት ብራድ ራፈንስፐርገር፣ ራሳቸው ሪፐብሊካን ናቸው፣ ለኮንግረስ መርማሪ ኮሚቴ እንደመሰከሩት 28 ሺህ ሰዎች ደግሞ የፕሬዝዳንቱን መስመር ባዶ ትተው የታችኞቹን ሞልተዋል። ልዩነቱ 11,779 በሆነበት ምርጫ ይህ ክፍል ችላ የሚባል አይደለም። ፓርቲያቸውን አልተዉም፤ አንድ ሰው ብቻ ዘለሉ።

የሐበሻው ጉዳይ ላይ ስደርስ ብዙ አንባቢ እንደሚከፋው አውቃለሁ። በዲካብና በግዊኔት ብዙ ሐበሻ መኖሩ፣ ክላርክስተን ለአሠርት ዓመታት ስደተኛ ስትቀበል የኖረች ከተማ መሆኗ እርግጥ ነው። በ2020 በትራምፕ አስተዳደር ላይ ቅሬታ መኖሩም እውነት ነው፤ በግድቡ ሰበብ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ዕርዳታ ከፊሉን እንደምታግድ የተሰማው ከንግግሩ በፊት ነበር። የጸሐፊው ክርክር ግን የቆመው ትራምፕ «ግድቡን ያፈነዱታል» ባሉባት ቀን ላይ ነው። ያ ቀን ኦክቶበር 23 ነው። የጆርጂያ የመራጮች ምዝገባ የተዘጋው ኦክቶበር 5 ነበር፤ 18 ቀን ቀድሞ። በንግግሩ ተቆጥቶ ሊመዘገብ የተነሳ ሰው ቢኖር በሩ ተዘግቶ ነው የሚያገኘው። ቀድሞ በአካል የሚሰጠው ድምፅም ኦክቶበር 12 ተጀምሮ በዚያች ቀን 12ኛ ቀኑን ይዟል፤ ድምፁን የሰጠ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ቢቀይር መመለስ አይችልም። የቀረው ተመዝግቦ ያልመረጠው ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው ባይደንን ሊመርጥ ያሰበ ከነበረ ንግግሩ የቀየረው የለም።

«ሐበሻው ከ11,779 ይበልጣል» የሚለውም ነዋሪን ከመራጭ ያደባልቃል። ድምፅ ለመስጠት በመጀመሪያ ግሪን ካርድ፣ ከዚያ በአብዛኛው አምስት ዓመት (ዜጋ ላገባ ሦስት)፣ ከዚያ የዜግነት ማመልከቻ፣ ፈተና፣ ቃለ መሐላ፣ በመጨረሻም ምዝገባ ያስፈልጋል። ሕፃናቱን፣ በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያሉትን፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ማውጣት ግድ ነው። ቃለ መሐላውን የፈጸመውም ሁሉ በቀላሉ አያልፍም። በጆርጂያ ከ2016 ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ወይም የሚያድስ ዜጋ አልፈልግም ካላለ በዚያው ይመዘገባል። አብዛኛው ሐበሻ ግን መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በግሪን ካርድ ዘመኑ ነው። ዜጋ ከሆነ በኋላ መንጃ ፈቃዱን ሳያድስ በሌላ መንገድ ሲመዘገብ፣ የመንጃ ፈቃዱ መዝገብ «ዜጋ ያልሆነ» እያለ ይቀራል፤ ሁለቱ መዝገቦች ሲነጻጸሩ ስሙ ይያዛል። በ2018 በዚህ የተነሳ ክስ ተመሥርቶ፣ የፌዴራል ዳኛ እንዲህ የተያዙ ወደ 3 ሺህ ሰዎች በምርጫ ጣቢያው ማስረጃቸውን አሳይተው እንዲመርጡ አዘዙ። ስምም ሌላ ጣጣ ነበረው። የያኔው ሕግ በፊደል፣ በሰረዝ፣ በክፍት ቦታ ልክ መገጣጠም ይፈልግ ነበር። «ገብረማርያም» አንዱ ቅጽ ላይ ተጋጥሞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ሕጉ በ2019 ላላ።

ከሁሉ በላይ ስንት ሐበሻ እንደመረጠ የሚነግር መዝገብ የለም። ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚል ሳጥን አለ፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚል የለም። ደግሞስ ልዩነቱ ይህን ያህል ሲጠብ፣ ከ11,779 የሚበልጥ ማኅበር ሁሉ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» ማለት ይችላል። 62,229 ድምፅ ያገኘችው የሊበርቴሪያን (የትንሹ ሦስተኛ ፓርቲ) ዕጩ ደጋፊዎች ይችላሉ። ኮሪያውያኑም ሕንዳውያኑም ይችላሉ። ማድጋ ሞልቶ ሲፈስ የመጨረሻዋን ጠብታ ለይቶ ማመስገን እንደማለት ነው። የተሳተፈው ወገናችን ከሞሉት አንዱ ነው፤ ለእኔ ይህ ይበቃል። በነገራችን ላይ ጆርጂያ ባይደንን ፕሬዝዳንት አላደረገችም፤ ካገኙት 306 የኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዝዳንቱን የሚወስነው፣ ግዛት ያሸነፈ ዕጩ የሚወስደው ድምፅ) ላይ 16ቱን የጆርጂያ ብንቀንስ 290 ይቀራል፣ የሚያስፈልገው 270 ነው።

ሌሊቱን እንመልከት። «ተኝተን ስንነሳ መሪው ተቀየረ» የሚለው ቅሬታ ይገባኛል፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚያየው ሰው ቁጥሩ እንጂ ሥራው አይታየውም። በ2020 በጆርጂያ ወደ 1.3 ሚሊዮን ድምፅ በፖስታ መጣ። ትራምፕ ደጋፊዎቻቸውን በፖስታ እንዳይልኩ ወራት ሲመክሩ ስለነበር ከፖስታው ድምፅ ሁለት ሦስተኛው ያህል የባይደን ሆነ። በጣቢያው ማሽን የተሰጠ ድምፅ ጣቢያው ሲዘጋ ከማኅደረ ትውስታ ካርዱ ቶሎ ይወጣል። የፖስታው ግን የውጭው ፖስታ ፊርማ ይመሳከራል፤ ይከፈታል፤ ወረቀቱ ከውስጠኛው ፖስታ ወጥቶ እጥፋቱ ይዘረጋል፤ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ይቃኛል፤ ክቡ በትክክል ያልጠቆረ ወይም ሁለት የተጠቆረበት ከሆነ ሰዎች አይተው ይወስናሉ። ቀድሞ መክፈትና መቃኘት ተፈቅዶ ነበር፤ ድምሩን ማውጣት ግን ማታ 1 ሰዓት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጣቢያዎች ሳይዘጉ አይቻልም። ፖስታ የሚበዛባቸው ትልልቆቹ ካውንቲዎች መጨረሻ ላይ መምጣታቸው ለዚህ ነው። ባይደን የመሩት ኖቬምበር 6 አርብ ንጋት ላይ፣ የክሌይተን ካውንቲ ድምፅ ሲገባ ነው። ክሌይተን 85 በመቶ ያህሉ ባይደንን የመረጠ ካውንቲ ነው፤ ከዚያ ሌላ ምን ሊመጣ ነበር?

ጥርጣሬ ካለም የሚፈታው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱም ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። ከመጀመሪያው ቆጠራ በኋላ 5 ሚሊዮኑ ወረቀት በእጅ ተቆጠረ። ሁለት ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ወረቀቱን አንስቶ የዕጩውን ስም ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ተቀብሎ ያነበበው ልክ መሆኑን አይቶ በየዕጩው ክምር ላይ ያስቀምጣል። የሚያነቡት በሰው ዓይን የሚነበበውን ጽሑፍ እንጂ ማሽኑ የሚያነበውን ኮድ አይደለም። በዚህ ጊዜ እውነተኛ ስሕተቶች ተገኙ፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። በፍሎይድ ካውንቲ ከ2,500 በላይ ወረቀቶች ጨርሶ ሳይቃኙ ቀርተዋል። በፋየት ካውንቲ 2,755 ድምፅ የያዘ አንድ ካርድ ሳይራገፍ ተትቷል። ሁለቱም ሲታረሙ የተጠቀሙት ትራምፕ ናቸው፤ ወደ 14 ሺህ የነበረው ልዩነት 12,670 ሆነ። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለነበር ትራምፕ ጠይቀው ወረቀቱ እንደገና በማሽን ተቆጠረ፤ 11,779 የወጣው ያኔ ነው።

ጸሐፊው «በእጅ መቁጠር ሐሰተኛ ፖስታ አይለይም» ብለዋል። ልክ ናቸው፤ ወረቀቱ ከፖስታው ከተለየ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የምስጢራዊ ድምፅ ትርጉሙ ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል በኮብ ካውንቲ መርማሪዎች 15,118 ፖስታዎችን አውጥተው ፊርማ አመሳከሩ። ማጭበርበር አላገኙም፤ መራጩ ተጠርቶ ማስተካከል የነበረበት ሆኖ የታለፈ ግን 2 ፖስታ ተገኘ። በሺህ የሚቆጠር የሞተ ሰው መርጧል ተብሎም ነበር፤ ተመርምሮ የተረጋገጠው 4 ነው። ማስረጃውን ትቶ በአመክንዮ ብቻ ቢታይም ነገሩ አይቆምም። ሐሰተኛ ወረቀት የሚያትም ሰው ባይደን ላይ አጥቁሮ፣ ሴኔቱን የሚወስነውን ኦሶፍን ትቶ፣ በዚያው ወረቀት ፐርዱን በ88 ሺህ ድምፅ እንዲመሩ ያደርጋል?

የቀረው 2024 ነው። ትራምፕ 2,663,117፣ ካማላ ሃሪስ 2,548,017 አገኙ፤ ልዩነቱ 115,100። ሪፐብሊካኖች ግዛቲቱን መልሰው መውሰዳቸው አያከራክርም፤ እንደ ባልድዊን፣ ዋሺንግተንና ጄፈርሰን ያሉ ብዙ ጥቁር ነዋሪ ያለባቸው ካውንቲዎች መዞራቸውም ዴሞክራቶችን ሊያሳስብ የሚገባ ነው። የባይደን ድል አጋጣሚ ቢሆን ግን ድምፁ ወደ ቀድሞው በተመለሰ ነበር። ሃሪስ ባይደን ካሸነፉበት ድምፅ በ74,384 ይበልጣሉ። ተሸንፈው እንኳ ከአሸናፊው በላይ አገኙ፤ ትራምፕ 201,263 ስለጨመሩ ነው የተሸነፉት። ከአትላንታ በስተ ደቡብ ያለው ሄንሪ ካውንቲ፣ ሮምኒ በ2012 ያሸነፉት፣ በ2020 ባይደን በ20 ነጥብ ወስደውት፣ በ2024 አገሩ ሁሉ ወደ ትራምፕ ሲያዘነብል እርሱ ይበልጥ ወደ ዴሞክራት ሄደ።

ግዛትን በራሷ ብቻ መለካት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። አገሩ በሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲል ግዛቲቱም አብራ ትወዛወዛለች። ስለዚህ የጆርጂያን ውጤት ከአገሪቱ ውጤት ጎን ማስቀመጥ ነው። በ2004 ጆርጂያ ከአገሪቱ በ14 ነጥብ ያህል ወደ ሪፐብሊካን ታደላ ነበር። በ2008 በ12.5፣ በ2012 በ11.7፣ በ2016 በ7.2፣ በ2020 በ4.2። በ2024፣ ጸሐፊው «ወደ ቤቷ ተመለሰች» ባሉበት ዓመት፣ ትራምፕ በአገር ደረጃ በ1.5፣ በጆርጂያ በ2.2 ነጥብ አሸነፉ። ልዩነቱ 0.7 ነው።